የቅዳሜ ኮምፒውተር

«ሙቀቱስ?» አለ ሳህሉ፣ ትንሿን ሳጥን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ እያገላበጠ። «ኦቨርክሎክ ተደርጎ ብዙ ሰዓት ሲሠራ አይግልም ወይ?»

አኑዋር ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ጺሙን አሻሸ። ይህንኑ ጥያቄ ባለፈው ቅዳሜም መልሶታል። ብሪክስተን ገበያ ውስጥ፣ በዓሣ ሻጭና በፀጉር ቤት መካከል የተሸጎጠችውን የኮምፒውተር ሱቁን ከከፈተ ወዲህ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል፤ ዋጋ አስቀንሶ የማይጠግብ፣ ራሱ የሰበረውን ይዞ መጥቶ እንዲህ አድርገህ ነው የሸጥክልኝ የሚል፣ ዕቃውን ሱቅ ውስጥ በደንብ አይቶ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ። እንደ ጋሽ ሳህሉ ያለ ግን ገጥሞት አያውቅም። ስለ ዋጋ አይከራከርም። ስለ ሌላው ሁሉ ይጠይቃል፣ መልሱን በጥሞና ያዳምጣል፣ ከዚያ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ይወጣል።

«ይግላል፤ ግን ላዩ ላይ ያለው ብረት ሙቀቱን ይበትነዋል» አለ አኑዋር። እዚሁ ለንደን ተወልዶ ቢያድግም አማርኛው የእናቱ ነው፤ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለት አይረሳም። «ኬዙ ውስጥም ሦስት ማቀዝቀዣ ፋን አስገብታችኋል። እርስዎ አያስቡ።»

«ብረቱ ግን ረዘም ይላል። ከፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ጋር አይጋጭም?»

«አይጋጭም፣ አባዬ» አለች ፋና። የሳህሉ አንድ ልጁ ናት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፤ ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። «ባለፈው ይህን ስላልክ በማስመሪያ ቼክ አድርጌዋለሁ። ክፍተት አለ።»

ሳህሉ ራሱን ነቀነቀና ሳጥኑን ከሌላኛው ሳጥን ጎን አስቀመጠው። የሚያማርጡት ሜሞሪ ነው፤ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ የሚሠራበትን ነገር በእጁ ይዞ የሚቆይበት ቀጭን ሰሌዳ፣ በሁለት በሁለት የሚሸጥ። ባንዱ ሳጥን ውስጥ ያሉት ፈጣኖች ናቸው፤ ፋብሪካው ከመደበላቸው በላይ ቢገፏቸውም የሚችሉ፣ ግን አመለኞች፤ ቅንብራቸው ትንሽ ከተዛባ ጨዋታ መሃል ኮምፒውተሩን ድርቅ የሚያደርጉ። በሌላው ውስጥ ያሉት ዝግ ያሉና የታመኑ ናቸው። ፋና ይህን ኮምፒውተር ካሰበች ጀምሮ የጓጓችው ለዚያ ለመግፋቱ ነው፤ ኦቨርክሎክ ለማድረጉ። ሌላው ሰው ሱቅ ገብቶ ተገጣጥሞ ያለቀውን ይግዛ፤ እሷ የራሷን ገጣጥማ ከልኩ በላይ ልታስሮጠው ትፈልጋለች።

ሳህሉ መጀመሪያ ላይ ዝግ ያለው ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ባለፈው ቅዳሜ ፋና ታክቷት «እሺ፣ እሱ ይሁን» ስትል ደግሞ ስለ ፈጣኑ ጥቅም ማስረዳት ጀመረ። ከዚያ በፊት ሁለቱን ትቶ አራት ሰሌዳ ያለውን ብንወስድስ የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር፤ አኑዋር አራቱ ፕሮሰሰሩን እንደሚያደክሙት በወረቀት ስሎ እስኪያሳየው ድረስ።

«እስቲ እናስብበት» አለ አሁንም።

አኑዋር ፋናን አያት። ፋና በሩን ከፍታ ወጣች።

ሳህሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ በነበረው ግርግር ከአገር ወጥቶ፣ ለንደን ገብቶ፣ እዚሁ ከአልታየሽ ጋር ተዋውቆ ተጋባ፤ ፋና ተወለደች። ከጥቂት ዓመት በፊት ደግሞ ያለ ብዙ ጩኸት ተለያዩ። እናትና ልጅ ባተርሲ ካለው ቤታቸው ቀሩ፤ እሱ ብሪክስተን ውስጥ ብዙ ሰው በሚጋራው ቤት አንድ ክፍል ተከራየ። ፋና በየቅዳሜው እሱ ጋ እንድትውል ተስማሙ።

ልጅ እያለች ቅዳሜ ቀላል ነበር። ፓርክ፣ ብስክሌት፣ አይስክሬም። ዐሥራ አራት ሲሞላት ግን ቅዳሜው እየደረቀ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች፤ እሱ ምግብ ያሞቃል፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» ከሰዓት ላይ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ትሄዳለች። ሳህሉ እንድትቀርበት የሚያደርግ ምንም ነገር አልነበረውም፤ ይህን ያውቅ ስለነበር አይከለክላትም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ምሳ እየበሉ ሳለ፣ የጨዋታ ኮምፒውተር ራሷ መገጣጠም እንደምትፈልግ እንዲሁ ለወሬ ያህል ጣል አደረገች። ሳህሉ ሹካውን አስቀመጠ። «አብረን እንሥራዋ» አለ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉም የሚገባበትን ኬዝ ገዙ፣ በሌላው ቅዳሜ ዕቃዎቹ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ፣ ከዚያ ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮሰሰር፣ ከዚያ የኃይል ማከፋፈያውን። እሱ በመሥመሩ ማብቂያ ላይ አውቶቡሱን አቁሞ በሚያርፍባት ሰዓት ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፤ ቅዳሜ ጥያቄውን አጠራቅሞ ይጠብቃታል። እሷ ታስረዳዋለች። ሜሞሪ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ቁጥር ፍጥነቱን፣ ሌላው ቁጥር ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የሚዘገየውን እንደሚያሳይ ነገረችው፤ አልገባውም። እንደገና ነገረችው። ዝም ብሎ አስቦ፣ «ገባኝ። የመጀመሪያው አውቶቡሱ መንገድ ላይ የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፌርማታ ላይ በር ከፍቶ ሰው እስኪገባ የሚቆመው። ፌርማታ ላይ የሚገተር ከሆነ መብረሩ ምን ይረባል?» አላት። ፋና ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥላም ከሰማቻቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው አለች። በሰኞው ለክፍል ጓደኞቿ እንደነገረቻቸው ሲሰማ ሳህሉ ቀኑን ሙሉ ለራሱ ፈገግ እያለ ነዳ።

አሁን የቀረው ሜሞሪው ብቻ ነው። እሱ ከገባ ኮምፒውተሩ ይበራል፤ ከበራ ወደ ባተርሲ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ከሄደ ደግሞ ቅዳሜ ወደ ተሞቀው ምግብና ወደ «ደህና ነው» ይመለሳል። ሳህሉ ይህን ለራሱ እንኳ በግልጽ ተናግሮት አያውቅም። ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ብቻ አንድ ያልጠየቀው ጥያቄ ይመጣለታል።

ከገበያው ወጥተው ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ነበር። ሰዎች ሣሩ ላይ ተዘርግተው ምሳቸውን ይበላሉ። ሳህሉ የገዛውን ጁስ ከፍቶ ሰጣት፤ ተቀብላ ሳትጠጣው ያዘችው።

«ለምንድነው የማትገዛው?» አለችው።

«ስሕተት እንዳንሠራ ነው። አንዴ ከገዛን…»

«አባዬ። ኦነስትሊ፣ አሁን ከአኑዋር የማይተናነስ ነው የምታውቀው።» ጁሱን አጠገቧ አስቀመጠችው። «እኔም እኮ ዝም ብዬሃለሁ። መግዛት ብፈልግ ባለፈው ወር ፑሽ አደርግህ ነበር። እኔም እንዲቆይ ፈልጌ ነው።»

ሳህሉ ዞር ብሎ አያት። ይህን ስትለው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ደስ የማይል ነገር ነበረ።

«የምነግርህ ነገር አለ። በየሳምንቱ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ፋን ስለ ምን ማውራት ትጀምራለህ፣ ደስ ይልሃል፣ እተወዋለሁ።» እጆቿን በጉልበቷ መካከል አስገባች። «እማዬ ኒውካስል ሥራ አግኝታለች። ልንሄድ ነው።»

ሳህሉ ኒውካስልን የሚያውቃት ከእግር ኳስ ነው። ሰሜን፣ ሩቅ፣ ብርድ። እዚያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው አያውቅም።

«መቼ?»

«ትምህርት ቤት ሲዘጋ።»

ትምህርት ቤት ሊዘጋ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ሳህሉ ሌላም ጥያቄ ነበረው፤ አፉ ላይ ሲመጣበት ሊመልሰው ሞከረና አቃተው።

«እናትሽ ያገኘችው ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ሥራው ብቻ ነው። እዚያ ላሉት ነርሶች አለቃ ነው የምትሆነው። ቤትም እናገኛለን፣ ጋርደን ያለው።» ቃሉን እንደ እንግሊዝኛው ማለቷ ገብቷት «ጓሮ» ብላ አስተካከለችው። «እሷ ልትነግርህ ነበር። እኔ ነኝ እኔ ልንገረው ብዬ የለመንኳት። ከዚያ አቃተኝ። ሶሪ፣ አባዬ።»

ሰው ቢኖር ይሻል ነበር ብሎ አሰበ ሳህሉ፤ የሚናደድበት ያገኝ ነበር። አልታየሽ ግን ለዓመታት የሌሊት ተራ እየሠራች፣ በትርፍ ጊዜዋ እየተማረች የደከመችበትን ነገር ነው ያገኘችው። አብረው በነበሩ ጊዜ እንኳ ስለዚህ ሥራ ታወራ ነበር። «ጎሽ፣ ይገባታል» ማለት እንዳለበት አወቀ፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም።

«እኔ ጋ ብትሆኚስ?» አለ። «ትምህርትሽን እስክትጨርሺ። ጓደኞችሽም እዚህ ናቸው።»

ፋና እሱ የተከራየውን ክፍል በሐሳቧ እያየችው እንደሆነ ያውቃል፤ እሱም እያየው ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጎረቤት ሲያስል የሚሰማበት ግድግዳ። ከአምስት ሰው ጋር የሚጋራው ወጥ ቤት። እሱ ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ የሚወጣበት ሳምንት፣ ሌሊት የሚገባበት ሳምንት።

«የት እተኛለሁ፣ አባዬ?» አለችው በቀስታ።

ልትጎዳው ብላ አልነበረም የጠየቀችው። መልስ ቢኖረው ደስ እንደሚላት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። የጁሱን ክዳን በጣቶቹ መካከል ሲያሽከረክረው ቆየ።

ከዚያ ፋና ያዘጋጀችውን ሁሉ በፍጥነት ነገረችው። ለእሱ ርካሽ ላፕቶፕና ሄድሴት እንደሚገዙ፣ በየቅዳሜው ኦንላይን አብረው እንደሚጫወቱ፣ ድምፁን እየሰማች ድምፅዋን እየሰማ፣ ከአሁኑ ምንም እንደማይለይ። በባቡር መምጣትም ይቻላል፤ በበዓል፣ በእረፍት። ብዙ አስባበታለች። ሳህሉ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ፣ ጥሩ ነው» አላት።

ይህን ግን ያውቀዋል። ያኔ የሄደው እሱ ነበር። ለአባቱ ለአቶ ባዩ በየሳምንቱ እደውላለሁ ብሎ ነው ከቤት የወጣው፤ ደግሞም ይደውል ነበር። መጀመሪያ ላይ የስልክ ካርዱ እስኪያልቅ ያወሩ ነበር። እየቆየ ወሬው አጠረ። ማንም ማንንም አልተቀየመም። ከቀኑ ውስጥ ያለው ትንንሹ ነገር፣ ጎረቤት የተናገረው፣ አዲስ ጫማ እግር መላጡ፣ ወጥ ማረሩ፣ በስልክ ለመናገር የማይበቃ እየመሰላቸው ተዉት፤ የቀረው «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን» ሆነ። አባቱ በከዘራ መሄድ መጀመሩን ሳህሉ ያወቀው ከቀብሩ በኋላ ከተላኩለት ፎቶዎች ነው። በአንዱ ላይ ከዘራው ባዶ ወንበር ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ሳህሉ የማን እንደሆነ ደውሎ ጠየቀ።

«ተነሺ» አላት። «ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

አኑዋር ሲመለሱ ሲያያቸው ሁለቱን ሳጥኖች ካስቀመጠበት አውጥቶ መልሶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሳህሉ እጁን ወደ ሳጥኖቹ አልሰደደም።

«የትኛውን ነው የምትፈልጊው?» አላት። «ስለ እኔ ተዪው። አንቺ የትኛውን?»

ፋና የፈጣኑን ሳጥን ነካችና እጇን መለሰች። ቅድም በሩ ላይ ቆማ በእርግጠኝነት የመለሰችው ልጅ አሁን መወሰን አቃታት።

«ፈጣኑን» አለች። «ግን እዚያ ሆኜ ቢያስቸግረኝስ? ቅንብሩ እምቢ ቢለኝ? እዚህ ሲሆን አንተ አለህ። እዚያ… ማለቴ፣ ምናልባት ዝግ ያለው ይሻለኛል።»

ሳህሉ ልጁን አየ። ዝግ ያለው እንደማያስቸግራት ያውቃል። ገብቶ ይቀመጣል፣ ይሠራል፣ ማንንም አይፈልግም። አመለኛው ግን አንድ ቀን ጨዋታ መሃል ድርቅ ይልባታል፤ ያኔ ስልኳን ታነሳለች፤ እሱም መቀመጫውን አመቻችቶ «አሁን የበራው መብራት ምን ዓይነት ነው? የትኛውን ቁጥር ቀየርሽ?» ይላታል፤ ለ«ደህና ነኝ» ጊዜ አይኖራቸውም።

«ፈጣኑን ስጠን» አለው ለአኑዋር። ወደ ፋና ዞሮም «አንቺ ታስተካክይዋለሽ። ካስቸገረሽ ትደውዪልኛለሽ» አላት።

ይህን ያለው በልጁ ስለተማመነ ይሁን ልጁ እንድትፈልገው ስለፈለገ፣ ካርዱን ማሽኑ ላይ ሲያስጠጋም እርግጠኛ አልነበረም። ሁለቱም ይሆናል። አኑዋር ሳጥኑን በከረጢት አድርጎ ሰጣቸውና፣ ለጋሽ ሳህሉ እጁን ዘርግቶ፣ «በሉ እንኳን ጨረሳችሁ» አላቸው። ሳህሉ አመሰገነው።

ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩን በጎኑ አጋድመው አልጋው ላይ አስቀመጡት፤ ጠረጴዛው ላይ ስክሪኑና ሳህኖቹ ስላሉ ሌላ ቦታ አልነበረም። ፋና ፀጉሯን አሰረች። ከሳጥኑ ሁለቱን ሰሌዳዎች አወጡ፤ ጥቁር ብረት የለበሱ፣ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ።

«አንዱን አንተ አስገባው» አለችው።

እሷ የራሷን በማዘርቦርዱ ላይ ካሉት አራት ቀዳዳዎች በሁለተኛው አስገባች፤ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ሳህሉ የእሱን በአራተኛው ላይ አስተካክሎ ጫነው። ሰሌዳው ትንሽ ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። ጫፉ ላይ ያለችው መቆለፊያ አልተመለሰችም። ቀጭ የሚለውን አልሰማም። አለመስማቱን ያውቃል፤ እጁን ግን አነሳ።

«ገባ?»

«አዎ» አላት።

ሽቦውን ሰክታ ማብሪያውን ተጫነች። ሦስቱ ፋኖች ዞሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ቀጭን ነፋስ ተነሳ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከሜሞሪው አጠገብ፣ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በርታ ቀረች። ጠበቁ። አጥፍታ አበራችው። ብርቱካናማዋ መብራት ተመልሳ መጣች።

«ሜሞሪው ነው» አለች ፋና። የስልኳን መብራት አብርታ ኬዙ ላይ አጎነበሰች። ሁለተኛውን ቀዳዳ አየች። አራተኛውን አየች። እዚያው ብዙ ቆየች። መብራቷ የተከፈተችው መቆለፊያ ላይ ሳይንቀሳቀስ አርፎ ሲቆይ ሳህሉ ከጀርባዋ ሆኖ ያያል።

ከዚያ ቀና ብላ የስልኳን መብራት አጠፋች።

«ከፋብሪካው የተበላሸ ሊሆን ይችላል» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ። «ይከሰታል። ለአኑዋር መልሰን ሌላ እንዲያመጣልን እናደርጋለን። የሚመጣው ቅዳሜ።»

ይህች ልጅ ኬዙ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ብሎን በስሟ የምታውቅ ናት። የተከፈተ መቆለፊያ አያመልጣትም። አይታዋለች፤ እሱ ያደረገውንም አውቃለች፤ አውቃም ሸፈነችለት። አንድ ቅዳሜ ልትሰጠው ነው። አኑዋር ዕቃ እስኪያስመጣ ምናልባት ሌላም ቅዳሜ። እሷም ለራሷ ልትወስደው ነው፤ ትከሻዋ ከቅድሙ ዝቅ ብሏል፣ እፎይ እንዳለ ሰው።

ስልኩ ጮኸ። አልታየሽ ናት።

«ሳህሉ፣ እንዴት ዋልክ? ክላፋም ደርሻለሁ፣ መኪና ይዣለሁ። ጨረሳችሁ ወይስ ልቆይ?» አለችው። ቀጥላም «ነገረችህ እንዴ?» አለች።

«ነገረችኝ።»

«እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ። ተዪ ብትለኝም መስማት አልነበረብኝም።»

«ከእሷ መስማቴ ይሻላል» አለ ሳህሉ። ቅድም እምቢ ያለው ቃል አሁን መጣለት። «ሥራውን በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል፣ አልታየሽ። ብዙ ለፍተሽበታል።»

ከወዲያ በኩል የመኪና መስኮት ሲዘጋ ተሰማ። አልታየሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ኮምፒውተሩ ዛሬ የሚሄድ ከሆነ የኋላ ወንበሩን እንደምታጥፈው፣ የማይሄድ ከሆነ ግን ለእሷ ችግር እንደሌለው፣ ፋና እስከ ማታ መቆየት እንደምትችል ነገረችው።

ፋና መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ወደ ውጭ እንደምታይ መስላ እየሰማች ነው። ሳህሉ ቅድም አደባባዩ ላይ ያለችውን አስታወሰ፤ በየሳምንቱ ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ መጥታ፣ እሱ ደስ ሲለው አይታ፣ ነገሩን ብቻዋን ተሸክማ የምትመለሰውን። ስለ ሙቀትና ስለ ብረቱ ርዝመት እየጠየቀ ሳለ እሷ ያን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሁንም ይኸው አዲስ ሸክም ልትጨምር ነው፤ ዕቃው ደህና መሆኑን እያወቀች ለአኑዋር ተበላሽቷል ልትል፣ የሚመጣውን ሳምንት የአባቷን ነገር በሆዷ ይዛ ልትከርም። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትሄድበት ከተማ፣ የምትገባበት ትምህርት ቤት፣ የማታውቃቸው ልጆች አሉባት። እሱ ደግሞ ኋላዋን እንድታይ አድርጎ ሊሸኛት ነው።

«ፋኒዬ» አላት፣ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አርቆ።

ዞር አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አጥፊው» አላት።

«አባዬ፣ ዛሬ ባይሆንም እኮ…»

«አጥፊውና ነይ፤ መብራቱን ያዢልኝ።»

መጥታ ከኋላ አጠፋችው። ፋኖቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። የስልኳን መብራት አብርታ አራተኛው ቀዳዳ ላይ አስተካክላ ያዘችው። ሳህሉ የራሱን ስልክ በጆሮውና በትከሻው መካከል ያዘ። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን የሰሌዳው ሁለት ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ በሙሉ ኃይሉ ቁልቁል ተጫነ። መቆለፊያዋ ቀጭ ብላ ተመለሰች።

«አለህ?» አለች አልታየሽ።

«አለሁ» አላት። «ወንበሩን እጠፊውና ነይ። ዛሬ ትወስደዋለች።»